የሰሊጥ ዘይት የጠጡ አግዳሚዎች

«ከዛሬ ጀምሮ የእንጨት ብናኝ ያለበት ቤት እንዳትገቢ» አለኝ ሐኪሙ፣ የደረቴን ፎቶ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጎ እያየ። «ለአንድ ወር አይደለም፤ ለአንድ ዓመትም አይደለም። ኸላስ!»

ገዳሪፍ ላይ አሥራ ሰባት ዓመት ገመድ ስጎነጉን፣ እንጨት ስልግና ስወለውል ኖሬ ከሙያዬ የተሰናበትኩት በዚያች በአንዲት «ኸላስ»፣ «በቃ» በምትል ቃል ነው። የጡረታ ወረቀት አልነበረም፤ ሽኝትም አልነበረም። መላጊያዬን ለሚረከበኝ ሰው አስረክቤ ቤቴ ገባሁ። ልጅ ሳለሁ የሁለተኛ ደረጃ ፈተናዬን አልፌ ነበርና፣ ያንን ቢጫ ወረቀት ከሣጥን አውጥቼ ኮሌጅ አመለከትኩ። አሁን በአርባ አንድ ዓመቴ የላቦራቶሪ ሙያ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። የክፍል ጓደኞቼ «ኻልቲ» ይሉኛል፤ አክስቴ ማለታቸው ነው። እኔም ከፊት ተቀምጬ መምህሩ ያሉትን ሁሉ እጽፋለሁ።

ባለፈው ሰሞን መምህራችን የሻገተ ዳቦ አምጥተው በማይክሮስኮፕ አሳዩን። ተራዬ ደርሶ ዐይኔን ብደቅን፣ እንደ ሸረሪት ድር የተወሳሰበ ነጭ ክር፣ በየክሩም ጫፍ ጥቁር ራስ።

«ይኼንንማ አውቀዋለሁ!» አልኩ ሳላስበው።

«ዘመድሽ ነው እንዴ ኻልቲ?» አለ ከኋላዬ ተራ የሚጠብቀው ልጅ፤ ክፍሉ ሳቀ።

«ዘመዴ አይደለም። ግን ግማሽ ክረምት ቀልቤዋለሁ።»

መምህሩ አልሳቁም። «እንዴት እንደቀለብሽው ጻፊልኝ» አሉኝ። እኔም የታዘዝኩትን ሳልፈጽም እንቅልፍ ስለማይወስደኝ፣ የማስታውሰውን እንደሆነው አድርጌ ጻፍኩ።

ወላጆቼ በጦርነቱና በድርቁ ዘመን ከጭልጋ በኩል ተሰደው መጥተው እዚሁ ገዳሪፍ ነው የወለዱኝ። እዚህ በሙቀቱ ጊዜ ሰው የሚያድረው ግቢ ውስጥ፣ በገመድ በተጎነጎነ ዐንገረብ አልጋ ላይ ነው። አልጋው ደጅ ይከርማል፤ አግዳሚውም፣ በርጩማውም ደጅ ነው። ከዚያ ኸሪፍ ይመጣል፤ የእኛ ክረምት ማለት ነው። ጥቁሩ አፈር ጭቃ ይሆንና ጫማ ይነጥቃል፤ ደጅ ያለ እንጨትም ሁሉ ሽበት ያወጣል።

የመጀመሪያ አለቃዬ ገበያ ውስጥ አልጋ የሚሸጥ ሰው ነበር፤ እኔ ገመዱን እጎነጉንለታለሁ። የሻገተ እግር ሲያገኝ ቀለም ይለቀልቅበታል። «ከቀባሽው ማን ያየዋል?» ይለኝ ነበር። የሚያየውስ አንድ ዝናብ ነው። ቀለሙ እንደ ቆዳ እየተላጠ፣ ከሥሩ አረንጓዴው ሲወጣ፣ ገዢው አልጋውን ተሸክሞ ይመጣል፤ አለቃዬም በጓሮ በር ይወጣል። ስድቡን የምቀበለው እኔ ነበርኩ። ከእሱ ቤት ወጥቼ ኸሽም ኤል ቂርባ ላይ በመስኖው ቦይ ዳር ያለ የእንግዳ ማረፊያ ወንበሮችን ጥቂት ወራት ጠገንኩ። እዚያ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ በአንድ ዓመት፣ ከአንድ ዓይነት እንጨት ከተሠሩት ወንበሮች ዛፍ ሥር ያሉት ሲበሰብሱ፣ ነፋስ የሚመታው በረንዳ ላይ ያሉት ደህና ነበሩ። አየሁት እንጂ አልገባኝም።

እንዲገባኝ ያደረጉት ኡስታ ይርዳው የምላቸው፣ አሠሪዬም አስተማሪዬም የነበሩት ሰው ናቸው። ኡስታ እዚህ አገር የእጅ ሙያ አዋቂ የሚጠራበት ማዕረግ ነው። ጎንደር አናጢነት ተምረው የመጡ፣ ቀጭን፣ ቁጣቸው ቶሎ የማይመጣ፣ ከመጣም ቶሎ የማይሄድ ሽማግሌ። ሥራ ቤታቸው ከሰሊጥ መጭመቂያው ፊት ለፊት ነበር።

እኒህ ሰው እንጨት ከማየታቸው በፊት ያሸቱታል። መዳፋቸውን ከአግዳሚው ሆድ፣ ከመቀመጫው በታች ማለቴ ነው፣ ሰደድ አድርገው ያሹና ሦስት ጣታቸውን አፍንጫቸው ላይ ያደርጋሉ። «ሻጋታ ከመታየቱ በፊት ይሸታል፤ ከታየማ ልጆች ወልዷል» ይላሉ። ቀጥሎ አንዲት ጠብታ ውሃ በእንጨቱ ላይ ያንጠባጥባሉ። ጠብታዋ ወዲያው ከሰረገች እንጨቱ ደርቋል፣ ጠምቶታል፤ ለማጠጣት ዝግጁ ነው። ሳትሰርግ ከቆመች፣ ውስጡ ገና እርጥብ ነው ወይም ሌላ ነገር ጠጥቷል፤ አይነካም። በመቀመጫው ጣውላዎች መካከል የትንሽ ጣት ስፋት ያህል ክፍተት ይተዋሉ። «ውሃ መንገድ ይፈልጋል። ካልሰጠሽው እንጨቱን ራሱን መንገድ ያደርገዋል» አሉኝ አንድ ቀን፤ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። እግሮቹንም ከታች የተቆረጡበትን አፍ በቆርቆሮ ጣሳ ዘይት ውስጥ አቁመው ያሳድሯቸዋል፤ እንጨት ውሃ የሚጠጣው በተቆረጠበት በኩል ስለሆነ።

ዘይቱ የተልባ ነው። በገላባት በኩል ከኢትዮጵያ ይመጣላቸዋል። ግቢው መሀል በከሰል ላይ ራሳቸው ያፈሉታል፤ የዶሮ ላባ ነክረው ላባው ሲኮማተር ያወርዱታል። እኔን አያስጠጉኝም ነበር። የተወለወለበትን ጨርቅ እንኳ አጣጥፈው አያስቀምጡም፤ ዘርግተው ሽቦ ላይ ይሰቅሉታል። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በራሱ ሙቀት እሳት ያነሣል።

ዕቃ ሲያስረክቡ ወረቀት አይሰጡም። «ሦስት ኸሪፍ ዋስ ነኝ» ይላሉ፣ በቃ። ከዚያ በፊት ከሻገተ መጥተው ያለ ዋጋ ይሠሩታል። ሰው ከሩቅ የሚመጣላቸው ለዚህች ቃል ነበር።

እሳቸው ዘንድ ሁለት ዓመት እንደሠራሁ፣ ዶካ ያለች አንዲት የእናቶች ጤና ጣቢያ አሥራ ሁለት የደጅ አግዳሚዎች አዘዘች። ከየእርሻው በትራክተር የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ተራ የሚጠብቁባቸው ናቸው። ሱንት ከሚባለው የወንዝ ዳር ግራር ሠራናቸው። ሊጠናቀቁ ሲሉ ኡስታን ወባ ጣላቸው፤ ከቤታቸው ደወሉልኝ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል።

«አግዳሚዎቹን ዘይት አጠጪልኝ። ሁለት ጊዜ። ሐሙስ መኪናው ይመጣል።»

«እሺ ኡስታ፣ ምንም አያስቡ። እግዜር ይማርዎት።»

ገዳሪፍ የሰሊጥ አገር ነው። «ዘይት» ከተባለ ሰሊጥ ነው፤ ባለሱቁ እንኳ «ምን ዘይት?» ብሎ አይጠይቅም። ኡስታ ደግሞ የእንጨቱን ዘይት በስሟ ብቻ ነበር የሚጠሯት፤ «ተልባዋን አምጪ»፣ «ተልባዋን ክደኚ»። በሁለት ዓመት ውስጥ «ዘይት» ሲሏት አልሰማሁም። ትንሽ ተጠራጥሬ ጣሳውን አነሣሁት፤ ሥሩ ላይ ጥቂት ቀርታለች። ተልባዋ ስለማትበቃ ይሆናል ሰሊጥ ያሉት ብዬ ራሴን አሳመንኩ። መልሼ ልደውል ስልኬን አንሥቼ ነበር። የታመመ ሰው በጥያቄ ከማስቸግር «ሥራው አለቀ» የሚል ቃል ላሰማቸው ብዬ ተውኩት። ጠብታ ውሃም አላንጠባጠብኩም። መንገዱን ተሻግሬ ከመጭመቂያው አንድ ጀሪካን ትኩስ የሰሊጥ ዘይት አመጣሁ።

እንዴት ያለ ማማር ነበር! እንጨቱ እንደ ማር ወለላ አበራ። የመጭመቂያው ሠራተኞች ሥራ ትተው መጥተው «ማሻአላህ!» አሉ። ሐሙስ ተጫኑ፤ ዝናቡም በዚያው ሳምንት ገባ።

ኡስታ ድነው ሥራ ከጀመሩ በኋላ፣ በኸሪፉ አጋማሽ ስልክ ተደወለ። ሲስተር ኢጅላል ነበረች፣ የጤና ጣቢያዋ ኃላፊ፤ ሱዳናዊት፣ ፊት ለፊት ተናጋሪ። ኡስታ ድምፁን ከፍ አድርገውት ነበርና በዐረብኛ ያለችውን እኔም ሰማሁ።

«ኡስታ፣ አግዳሚዎችህ ጢም አብቅለዋል። ምላጭ ይዘህ ና።»

በማግሥቱ በአውቶቡስ ዶካ ወረድን። አሥራ ሁለቱም በግቢው ዛፍ ሥር ተደርድረዋል፤ ማንም አልተቀመጠባቸውም። ጥቁርና አረንጓዴ ጸጉር ለብሰዋል፤ ሲነኳቸው ይጣበቃሉ። ሴቶቹ በጭቃው ውስጥ ቆመዋል። አንዲት ወሯ የገባ ሴት የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጣ ወገቧን ይዛለች። ሌላዋ የተጠቀለለችበትን ነጭ ቶብ፣ የሱዳን ሴቶችን ረጅም ነጠላ፣ ጀርባውን ዞራ አሳየችን፤ ጥቁር ጥቁር መስመር ታትሞበታል።

«ሙሽራ መስዬ መጥቼ ከሰል ሻጭ መስዬ ልግባ?» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ኡስታ እንደ ልማዳቸው መዳፋቸውን ከአግዳሚው ሆድ ሰደዱ። ጣታቸውን አሸተቱ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ምንድን ነው ያጠጣሻቸው?»

«ዘይት፣ ኡስታ።»

«ምን ዘይት?»

«ዘይት ነዋ! ዘይት ብለውኛል።»

ጣታቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ሰሊጥ?» አሉ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

«አዎ፣ ዘይት ብያለሁ» አሉ። «በትኩሳት ምላሴ ነው። ተልባ ማለቴ ነበር። ተልባ እንጨት ውስጥ ገብታ ትደርቃለች፣ ትጠነክራለች። ሰሊጥ እንዲህ ባለ እርጥበት አይደርቅም፤ እንደ ወጥ ይቀመጣል። ጥሩየ፣ እንጨቱን አላጠጣሽውም። ሻጋታውን ነው ያበላሽው።» ቀጥለውም፣ «የኔ ጥፋት ቃሏ ናት። ያንቺ ጥፋት አለመጠየቅሽ» አሉ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

ሲስተር ኢጅላል አጠገባችን ቆማ ትጠብቃለች። «የክትባቱ ቀን ሁለት ሳምንት ከሁለት ቀን ቀርቶታል» አለች። «ያን ቀን ግቢው ይሞላል። እስከዚያ ንጹሕ ሆነው ካልተመለሱ ፕላስቲክ ወንበር አስመጣለሁ፤ እነዚህንም ለፉርኑ ማገዶ እሰጣቸዋለሁ። ሦስት ኸሪፍ ነበር ያልከኝ ኡስታ። ገና አንዱ እንኳ አላለቀም።»

ኡስታ ወደ ሰማዩ አንጋጠጡ። ፀሐይ በሌለበት፣ ዝናብ በየቀኑ በሚወርድበት ወር እንጨት አጥቦ ማድረቅ አይቻልም። ያን ቀን ትኩሳታቸውም ተመለሰ። ወደ አውቶቡሱ ሳደርሳቸው «እኔ እዚሁ እቀራለሁ» አልኳቸው። «እርስዎ በስልክ ይንገሩኝ። በኔ እጅ የጠፋ ቃልዎ በኔ እጅ ይመለሳል።» እንዴት እንደሚመለስ ግን አላውቅም ነበር።

አግዳሚዎቼ የሚቃጠሉበትን ቦታ ልየው ብዬ ወደ ፉርኑ፣ ወደ ዳቦ ቤቱ ሄድኩ። ባለቤቱ ሐጅ ባቢከር ከኢትዮጵያውያን ጋር ጎረቤት ሆነው አማርኛ የለመዱ ትልቅ ሰው ናቸው። ከምድጃው ጀርባ የማገዶ መጋዘን አለ፤ ግድግዳውን ስደገፍ ጀርባዬ ሞቀ። ወለሉ አቧራ ነው፤ ደረቅ አቧራ፣ በኸሪፍ መሀል! በአንዱ በር የሚገባው ነፋስ በሌላው ይወጣል። ኸሽም ኤል ቂርባ በረንዳ ላይ ያሉት ወንበሮች ትዝ አሉኝ።

«ሐጅ፣ አሥራ ሁለት አግዳሚ እዚህ ላስቀምጥ?»

«ያ ቢንቲ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ሰው ሁሉ እንጨት የሚያመጣልኝ እንዳቃጥለው ነው። አንቺ እንዳላቃጥለው ነው የምታመጪው?»

«እንዲያበስሉልኝ ነው።»

«ወላሂ፣ እንደ ዳቦ ካበጡ እኔ የለሁበትም!» ብለው ሳቁና በሩን ከፈቱልኝ።

በዚያው ቀን በጠርሙስ ስባሪ መፋቅ ጀመርኩ። ሦስቱን ከጨረስኩ በኋላ ኡስታ ደወሉ።

«አርጥበሽ ነው የምትፍቂው። ደረቁን እንዳትነኪ። አፍና አፍንጫሽንም ሸፍኚ።»

ቸኩዬ በደረቁ ነበር የፋቅኋቸው። ጥቁሩ ብናኝ አፌም ደረቴም ገብቷል። ሁለት ቀን ሳልኩ። አሁን ይህን ለሐኪሙ ስነግረው «የአሥራ ሰባት ዓመት ብናኝ እንጂ የሦስት አግዳሚ አይደለም» አለኝ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን እነዚያን ሦስቱን አልረሳቸውም።

ቅባቱን ለማውጣት ደግሞ «የምድጃውን አመድ ዘፍዝፊ፣ አጥልዪና በውሃው እጠቢ። እጅሽን በፌስታል ሸፍኚ፣ ውሃው ቆዳ ይልጣል» አሉኝ።

በብሩሽ ሳሸው እንጨቱ ነጭ አረፋ ደፈቀ። ደንግጬ ደወልኩ።

«ኡስታ! አረፋ እያወጣ ነው!»

«ዘይትና የአመድ ውሃ ሲገናኙ ሳሙና ነው የሚሆኑት። ያበላሽውን ራሱን ሳሙና አድርጊና እጠቢበት። የሻጋታውን ማዕድ አንሺ።»

አረፋው መውጣቱን እስኪተው አጠብኩ፤ በንጹሕ ውሃ አለቀለቅኩ፤ በአቼቶ ወለወልኩ። እንጨቱ ከመልኩ ጠቆረ፤ የመጀመሪያው ወለላ መልክ ላይመለስ ሄደ። ግድ አልሰጠኝም። መጋዘኑ ውስጥ በጡብ ላይ፣ በየመካከላቸው ነፋስ እንዲያልፍ ርብራብ እየከተትኩ ደረደርኳቸው። ቶሎ ይድረቁልኝ ብዬ ሁለቱን ከምድጃው ግድግዳ አስጠጋኋቸው፤ በማግሥቱ ጠዋት ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቀው አገኘኋቸው። ችኮላ ሁለተኛ ጊዜ ቀጣችኝ። የቀሩትን አሥሩን አንድ ክንድ አራቅኋቸው፤ ጠዋት ጠዋት እየገለበጥኩ ጠብታ ውሃ አንጠባጥብባቸዋለሁ። ጠብታዋ ትቆማለች። በማግሥቱም ትቆማለች። ሐጅ ባቢከር ዳቦ እያወጡ «ጠጣ?» ይሉኛል፤ «ገና» እላለሁ። በስምንተኛው ቀን ጠብታዋ ነክታ ጠፋች። «ሐጅ፣ ጠጣ!» ብዬ ስጮኽ ዳቦ ገዢዎቹ ያበድኩ መስሏቸው ዞሩ።

በዚያው ቀን ኡስታ ዐይናቸው ገና ቢጫ እንደሆነ ከአውቶቡስ ወረዱ፤ ጣሳ በጉልበታቸው ታቅፈው ነው የመጡት። ጣሳው ላይ በከሰል፣ በትልልቁ «ተልባ» ተብሎ ተጽፎበታል።

«ማንበብ ትችያለሽ አይደል?» አሉኝ።

ሁለት ጊዜ፣ ስስ አድርገን አጠጣናቸው፤ እያንዳንዱን ጊዜ የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ ጠርገን። «ወፍራም ሆኖ የተቀመጠ ተልባም ሰሊጥ ነው» ይሉኝ ነበር። በክትባቱ ዋዜማ አሥሩን ከመጋዘኑ አውጥተን ወደ ጤና ጣቢያዋ መለስናቸውና፣ በዛፉ ሥር ሳይሆን ነፋስ በሚመታው ግድግዳ ጥግ፣ እግራቸውን ጡብ ላይ አቆምናቸው። የተሰነጠቁትን ሁለቱን ሐጅ ባቢከር ለዳቦ መደርደሪያ ወሰዷቸው።

በማግሥቱ ግቢው ሞላ። ያቺ ነጭ ቶብ የለበሰች ሴት ሕፃን አዝላ መጣች። ቆማ አየችን። መቀመጫውን በመዳፏ ጠረገች፤ መዳፏን ገልብጣ አየችው፤ በነጩ ቶቧ ጫፍ ደግማ ጠረገችና እሱንም አየችው። ከዚያ ተቀመጠች። ሌሎቹም ተቀመጡ። ሲስተር ኢጅላል ስም መጥራቷን ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ ኸሪፍ ባለቀ ቁጥር እኔና ኡስታ ዶካ እንወርድ ነበር። በሦስተኛው ጊዜ ዐይናቸው ፈዝዞ እጃቸውን ይዤ ነው ያደረስኳቸው። መዳፋቸውን ከአግዳሚው ሆድ ሰደዱ፤ ሦስት ጣታቸውን አሸተቱ፤ ደግመው አሸተቱ።

«ምን ሸተተዎት?» አልኩ።

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም። አንዴም ተመስግነሽ አታውቂም መሰለኝ፤ ይኸውልሽ።»

ሲስተር ኢጅላል ከበሩ ላይ ሆና «ኸላስ ኡስታ፣ ዋስትናህ አለቀ» አለች።

«የኔ አለቀ» አሉ ኡስታ፤ እጄን አልለቀቁም። «ከእንግዲህ የእሷን ጠይቂያት።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዕቃ ሳስረክብ ቃሉን የምሰጠው እኔ ሆንኩ። እሳቸው ካረፉ በኋላም፣ የአሁኑ የሱዳን ጦርነት ከተማውን በተፈናቃይ ሞልቶ አልጋና አግዳሚ የሚጠይቀው ሰው በበዛ ጊዜም፣ ያለዚያች ቃል አንድ በርጩማ አልወጣም። ሳልጠይቅ የሠራሁትም የለም፤ «ዘይት» ያለኝን ሁሉ «የምን?» እላለሁ።

የመጨረሻ ሥራዬ መንደር 8 ለሚባለው የስደተኞች መጠለያ ስምንት አግዳሚዎች ነበሩ፤ ስደተኞቹ ውሃ ተራ የሚጠብቁባቸው። ያስረከብኳቸው ሐኪሙ ከመከልከሉ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ሦስት ኸሪፍ ብያለሁ። አንዱ አልፏል፤ ሄጄ አሽትቻቸዋለሁ፤ ምንም። ሁለት ይቀራል፤ ዋስትናዬ የሚያልቀው የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስሆን ነው። ሐኪሙ ብናኝ ያለበት ቤት እንዳትገቢ አለኝ እንጂ፣ ደጅ ያለ አግዳሚ እንዳታሸቺ አላለኝም።